«በ67 ዘመቻ ወጣሁ»

«በ67 ዘመቻ ወጣሁ» ትላለች እናት። ዲሲ ወይም ፍራንክፈርት ተወልዶ ያደገው ልጇ ዘመቻውን ጦርነት አድርጎ ይሰማዋል፤ ዓመቱን ደግሞ በፈረንጅ ይቆጥረዋል። ስልኩን ከፍቶ ሲያይ በዚያ ዓመት ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ናቸው። «እማ፣ ተሳስተሻል» ይላታል። አልተሳሳተችም። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፣ በፈረንጅ 1974። የእድገት በኅብረት ዘመቻ የተጀመረው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሲሆን፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል እንዲሁም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገጠር ወርደው ፊደል አስቆጥረዋል።

የእናቱን ታሪክ ለሚቀዳ ልጅ የአገራችንን ዓመት ወደ ፈረንጅ መመለሻው ሒሳብ ቀላል ነው፤ የሚያሳስተው ወሩን አለመጠየቅ ነው። ከገና በፊት የሆነ ነገር ላይ 7፣ ከገና ወዲህ እስከ ጳጉሜን 8 መጨመር። ከገና በፊት ያለችው አንድ ሳምንት ብቻ ትሸውዳለች፤ እሷም 8 ናት። ለልደት ቀን ግን ፓስፖርት ማስረጃ አይሆንም፤ በስደት የመጡ ስንት እናቶች ወረቀት ላይ በጃንዋሪ 1 ተወልደዋል!

አገር ቤት እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። እዚያ ያለው ችግር ሌላ ነው፦ እናትን ማንም ቁጭ ብሎ አይጠይቃትም። ልጆቿ ከአቦል እስከ በረካ ከጎረቤት ጋር ስታወጋ በጆሯቸው ጠብ ያለውን ይለቃቅማሉ፣ ትልቁ ነገር ላይ ሲደረስ ደግሞ «ቡና ቁርሱን አምጪ» ተብለው ይላካሉ። ቀበሌ፣ ራሽን፣ ጭሰኛ የሚሉትን ቃላት ያውቋቸዋል፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ግን አያውቁም።

ውጭ ያለው ልጅ ቅዳሜ መጥቶ ስልኩን ፊቷ ያስቀምጥና «ታሪክሽን ንገሪኝ» ይላል። የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ያለፈች ሴት እንዲህ ስትጠየቅ መልሷ ያጥራል። ቃሏ ከቃሏ እንዳይጋጭ መጠንቀቅን ለምዳለች። ይልቅ እጇ ሥራ ይያዝ። ቡና ስትለቅም ጥሩ ነው፤ ሲቆላና ሲፈጭ ግን ድምፁ ሁሉን ይውጠዋል። ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የሲኒው ኳኳታ ብቻ ይቀረጻል፤ የታጠፈ ጋቢ ላይ ይሁን። «ለምን?» ከማለት «የት አደራችሁ? ማን አብሮሽ ነበር?» ማለት ይሻላል። ሰው ስትጠራ ስሙ እስከ አያት በፊደል ይጻፍ፤ በላቲን ከተጻፈ «ጠ» እና «ተ» አንድ ይሆናሉ። የቀይ ሽብር ዘመን ላይ ደርሳ «ተወው» ካለች መቅጃው ይዘጋ። ብዙ ጊዜ ራሷ ትመለስበታለች፣ ያውም ልጁ ጫማውን ሲያስር።

አልበሙ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ እህት ዘንድ ነው። በቴሌግራም ፎቶ ስትጠየቅ የምትልከው ፊቱን ብቻ ነው። «ለማስታወሻ» የሚለው ጽሑፍ፣ ቀኑና የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያለው ግን ከጀርባው ነው።