ለፎጣ ዕረፍት የሚደክሙ ጀግኖች

በባሕር ላይ ዕረፍት የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን፣ እስከ ዛሬ ግን ተገቢውን ምስጋና ያላገኙትን ጀግኖች ላወድስ ተነሥቻለሁ። እነዚህ ሰዎች በመዝናኛ መርከብ ላይ ገና ጎሕ ሳይቀድ ነቅተው፣ በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ በተደረደሩት መንጋለያ ወንበሮች ላይ ፎጣ ያነጥፉና ወደ አልጋቸው ይመለሳሉ። ሰሞኑን የተሳፈርኩባት መርከብ ወደብ ሳትነካ በዋለችበት ቀን፣ ከቁርስ በኋላ መጽሐፌን ይዤ ወደ ላይኛው ወለል ብወጣ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ የተቀመጠ ሰው ግን የለም። ፎጣዎቹ ብቻ አገር አማን ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ባዶ ወንበር ፍለጋ እናንተም የዞራችሁት ዙር ነውና ዝርዝሩን አላበዛም።

ሥልጣኔ ምን ያህል እንደተራመደ ለመረዳት ወደ ኋላ ማየት ይጠቅማል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አትላንቲክን በመርከብ የሚያቋርጥ መንገደኛ፣ ወለሉ ላይ ወንበር እንዲያዝለት ከፈለገ ኪራይ ይከፍል፣ ስሙ የተጻፈበት ካርድም ወንበሩ ላይ ይደረግለት ነበር። ምስኪን! የእኛ ጀግኖች ገንዘብም ስምም ሳያስፈልጋቸው፣ ያውም መርከቧ ባዋሰቻቸው ፎጣ፣ ግዛታቸውን ያስከብራሉ።

ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ግን ለአራት ሰው ስድስት ወንበር የሚይዘውን አባወራ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት በሌሊት ልብሱ ይወጣል። ሁለቱን ወንበሮች ፀሐይ ላይ፣ ሁለቱን ጥላ ሥር፣ የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ መሐል ላይ ይይዛል፤ መርከብ አቅጣጫዋን ስትቀይር ጥላውም አብሮ እንደሚዞር ያውቃልና። በአንዱ ፎጣ ላይ የግራ እግሩን ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ላይ የቀኙን፣ በሦስተኛው ላይ መጽሐፍ፣ በአራተኛው ላይ ያለቀ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያኖራል፤ ለቀሩት ሁለቱ ዕቃ ስለሚያጥረው ካልሲውን ያወልቃል። ባለንብረቱ ለግማሽ ሰዓት ወይም ለ40 ደቂቃ ያህል የተለየውን ዕቃ ሠራተኞች እንዲያነሡ የሚያዝዝ ደንብ ያላቸው መርከቦች ስላሉ፣ በየ25 ደቂቃው ደረጃውን ወጥቶ መጽሐፉን አንድ ገጽ ይገልጣል፣ ጫማዎቹን ያቀያይራል፣ ካልሲዎቹን ይገለብጣል፣ ተመልሶም ይወርዳል። ሚስቱ የዳንስ ትምህርት ላይ ናት፤ ልጆቹ ከጨዋታ ክፍሉ አልወጡም፤ እሱ ቁርሱንም ምሳውንም ሰዓቱን እያየ ጎርሷል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲመጣ ነፋስ ስለተነሣ፣ ማንም ሳይቀመጥ ፎጣው ይነሣል። መጽሐፉ ከ20 በላይ ገጽ ተገልጧል፤ የተነበበ ቃል ግን የለም።

በዚያው ቀን አንዲት በከዘራ የሚሄዱ እናት ገንዳውን ደጋግመው ዞረው፣ መቀመጫ አጥተው፣ በአሳንሰሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። እሳቸውን ለማስቀመጥ አንዱን ፎጣ ያነሣው ወጣት አስተናጋጅ ደግሞ በዚህ አባወራ አፍ በሰው ፊት ተሰደበ። ይህ ነውር ነው። ከቤተሰቡ ለወራት ተለይቶ የሚሠራን ልጅ፣ ደንብ ስላስከበረ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚያዋርድ ሰው ዕረፍት ሳይሆን ተግሣጽ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ለዚያ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ የ10 ሰዓት ዕረፍት ይጠይቅለታል፤ ፎጣው ግን ያለ ማንም ተከራካሪ ለ11 ሰዓታት ተንጋሎ ይውላል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የጀግንነቱ ጫፍ የታየው መርከቧ ወደብ በገባች ዕለት ነው። ተሳፋሪው ከተማ ሊጎበኝ ተግተልትሎ ስለወረደ ወንበር እንደ ልብ ነበር። አባወራው ግን ቤተሰቡን አስከትሎ ከመውረዱ በፊት ስድስቱንም ፎጣዎች አነጠፈ፤ መውጫው ላይም ያንኑ የሰደበውን አስተናጋጅ ጠራው። «ልጄ፣» አለው ድምፁን አለስልሶ፣ «እስክመለስ ድረስ በየ25 ደቂቃው አንድ ገጽ ግለጥልኝ፤ ካልሲዎቹንም እንዳትረሳ።»