የጋራው ቤት ቁልፍ

ሰኔ ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ጃንጥላ ከተሰቀለበት ይወርዳል፤ ሲያትል ውስጥ ደግሞ ይሰቀላል። እኔ የምኖርባት ከተማ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ስታካፋ ትከርምና ልክ አገር ቤት ክረምቱ ሲገባ ሰማይዋ ይጠራል። እናቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና «ዛሬም ሲዘንብ አደረ» ስትለኝ፣ እኔ በሬ ላይ የተለጠፈ የሙቀት ማስጠንቀቂያ እያነበብኩ ነው። ሁለታችንም ያለነው መንግሥት ባሠራው ቤት ውስጥ ነው። እሷ ቤቷ ሲፈርስ በምትኩ ያገኘችው፣ እኔ የተከራየሁት። በእነዚህ 19 ዓመታት በስልክ ያወራነው ቢሰበሰብ፣ ከጤናና ከልጆች ቀጥሎ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ይኸው የቤት ነገር ነው፤ ውሃ መጣ፣ ውሃ ሄደ፣ ጎረቤት ገባ፣ ጎረቤት ወጣ።

ሰፈሬ የስለር ቴራስ ይባላል። ከመሃል ከተማው በላይ፣ ሃርበርቪው ሆስፒታል አጠገብ ያለ ኮረብታ ላይ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት ጥቁርና ነጭ ሳይለይ ተከራይ በመቀበል በአሜሪካ የመጀመሪያው የመንግሥት መኖሪያ ሰፈር እንደነበር ይነገርለታል። መፍረስ ሲጀምር የቀሩት 561 ቤቶች ነበሩ፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ ጎን ለጎን የተያያዙ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ጓሮ ያላቸው። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እነሱ ተራ በተራ ፈርሰው በምትካቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ቆሙ። ሲፈርስ ለነባሩ ተከራይ የመመለስ መብት ተሰጥቶት ነበር፤ እኔም ሁለት ዓመት ሌላ ቦታ ቆይቼ ተመልሻለሁ። የመንግሥት ቤት ኪራይ የሚሰላው ከገቢ 30 በመቶ ገደማ ሆኖ ነው። ሥራ ያጣ ሰው ኪራዩም አብሮት ይወርዳል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «እንዲህ ከሆነ ማን ያማርራል?» አለችኝ። የሚያማርር አለ፤ ግን በኪራዩ አይደለም።

እዚህ ወረቀት አያልቅም። እያንዳንዱ ወቅት የራሱን ወረቀት ይዞ ይመጣል። በጥቅምት ማሞቂያ ሊመረመር ስለሆነ ከግድግዳው ዕቃ አርቁ ይላል። በኅዳር ቧንቧ እንዳይቀዘቅዝ ሌሊት ውሃውን በጥቂቱ እያንጠባጠባችሁ እደሩ ይላል። በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ላይ በምትጠልቅበት ወር፣ ለማሞቂያ ክፍያ ድጋፍ የሚመዘገቡበት ቀን ይነገራል። ሠራተኛ ቤት ሊገባ ከሆነ ቀኑም ሰዓቱም አስቀድሞ ይጻፋል። ወረቀቱ ደግሞ በቬትናምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ጭምር ነው። አማርኛው አንዳንዴ ጎርበጥ ይላል፤ ቢሆንም ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እማማ ያለ ልጆቻቸው እርዳታ መነጽራቸውን አድርገው ያነቡታል። አንድ ሰው ስለገዛ ቤቱ የተጻፈለትን በገዛ ቋንቋው ሲያነብ ትከሻው ቀና ይላል። በዓይኔ ያየሁት ነው።

ከወረቀቶቹ ሁሉ አጥብቄ የማስታውሰው የከሰሉን ነው። ገና በመጣሁ በጥቂት ወራት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006፣ ብርቱ የነፋስ ማዕበል መጥቶ በአካባቢው ለቀናት መብራት ጠፋ። ብርድ ነበር። ከሌላ አገር የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥለው በሚያወጣው ጋዝ ተመረዙ፤ የሞቱም ነበሩ። ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ለእኛ ቡና ማፍላት ነው፤ መርዝ ነው ብሎ ያስጠነቀቀን አልነበረም። እኔም ያን ሌሊት ከአገር ቤት ተሸክሜ ያመጣሁትን ምድጃ አውጥቼ ነበር። ያዳነኝ ከሰል አለመኖሩ ብቻ ነው። ዛሬ ክረምት ሲመጣ «ከሰል በቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ» የሚለው ጽሑፍ በአማርኛ ደጄ ሲለጠፍ ቆሜ አነበዋለሁ፤ ሁልጊዜም እስከ መጨረሻው።

ሰው ግን ወረቀት ስላነበበ ጎረቤት አያገኝም። አሮጌዎቹ ቤቶች ሳሉ ጓሮ ለጓሮ እንተያይ ነበር። አዲሱ ሕንፃ ሲያምር ያምራል፤ ሊፍት አለው፣ ግድግዳው ድምፅ አያሳልፍም። ኮሪደሩ ላይ አሥራ ስድስት በር አለ፤ አሥራ ስድስቱም ዝግ ናቸው። ተመልሼ በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት ፊት ለፊቴ ማን እንደሚኖር አላውቅም ነበር። የማውቀው ጫማውን ብቻ ነው።

የታደገን የአትክልቱ ቦታ ነው። ከሕንፃው በታች፣ ለነዋሪ በመደብ በመደብ የተከፋፈለ መሬት አለ። ውሃው ሚያዝያ አካባቢ ይከፈታል፣ ቧንቧው እንዳይቀዘቅዝ ጥቅምት ላይ ይዘጋል፤ ይህም በወረቀት ይነገራል። ውሃው በሚከፈትበት ቅዳሜ ሁሉም ይወርዳል። የእኔ መደብ አንድ የቬትናም አዛውንት ከሚያለሙት ጋር ድንበርተኛ ነው። የጋራ ቋንቋ የለንም። መጀመሪያ የተግባባነው በውሃው ቱቦ ነው፤ እሳቸው ሲጨርሱ ጫፉን አጥፈው ወደ እኔ ያቀብሉኛል። በሁለተኛው ዓመት ጤና አዳም ተከልኩ። አንድ ቀን ቅጠሉን ቀነጠስ አድርጌ ሰጠኋቸው። በጣታቸው አሽተው አሸተቱና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ከዚያ ከራሳቸው መደብ የናና ዓይነት ቅጠል ቆርጠው ሰጡኝ። ጎመኔ ሲደርስ ከእሳቸው ቤት ይገባል፣ የእሳቸው ዱባ ከእኔ ቤት። የማንተዋወቀው ባለ ጫማም የእሳቸው ልጅ ኖሮ ያወቅሁት እዚያ ነው።

ሰኔ 2021 (እ.ኤ.አ.) ያ ታሪካዊ ሙቀት ሲመጣ ሲያትል 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰች። ቀዝቃዛ ከተማ ስለሆነች ብዙ ቤት አየር ማቀዝቀዣ አልነበረውም። የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ውሃ ጠጡ፣ መጋረጃ ዝጉ ካለ በኋላ «ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ» ይላል። ያን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ደነገጥኩ። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር ማንም ጽፎ አላዘዛትም፤ እኔ ግን መታዘዝ አስፈለገኝ። ወጥቼ ወረቀቱን በመነጽር የሚያነቡትን የእማማን በር አንኳኳሁ። ብርድ የለመደ ሰውነታቸው ነጠላ ደርቦ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ደርቋል። ወደ አትክልቱ ቦታ ጥላ ሥር አወረድናቸው፤ የቬትናሙ አዛውንት ልጅ ወንበር ተሸከመ። እኒያን አዛውንት በስም የማውቃቸው፣ ልጃቸውንም ልጠራው የቻልኩት አንድ የውሃ ቱቦ ስለተጋራን ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት ልመለስ።

ያደግሁት ልደታ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ። የእኛ ግቢ ከእነሱ አንዱ ነበር። ስድስት አባወራ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ ማድ ቤት፣ አንድ መጸዳጃ። ጣሪያው ያፈስሳል፤ ሐምሌ ላይ ሳፋና ድስት ወለሉ ላይ ተደርድሮ እናድራለን። ያን ኑሮ ማስጌጥ አልፈልግም። በክረምት የመጸዳጃው ጉድጓድ ሲሞላ ወደ ግቢው ይወጣ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ በተቅማጥ ሆስፒታል የተኛው በዚያ ምክንያት ነው። ድህነትን ናፍቆት ሲያጥበው ማየት ያመኛል።

ሆኖም ያ ግቢ ወቅቱን ያውቅ ነበር። በቡሄ ሰሞን ማታ ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ ዱላ ሲያንኳኩ እናቶች ሙልሙሉን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ጳጉሜን ላይ ማድ ቤቱ በተራ ይያዛል፤ የማን ሽንኩርት መቼ እንደሚቁላላ በቃል ይታወቃል። ለፋሲካ ቅርጫው እዚያው ግቢ ውስጥ ይወድቃል፤ በዕጣ ሲካፈል ጉበቱ የደረሰው ለነፍሰ ጡሯ ይሰጣል። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳኑን አውጥቶ ይተክላል። ማንም ወረቀት አይለጥፍም። ቧንቧው ጋ ውሃ ለመቅዳት የተሰለፈ ሰው ሁሉንም ሰምቶ ይመለሳል።

ልደታ ሲፈርስ እናቴ ጀሞ ደረሳት። ቤቷ ከቀድሞው በብዙ ይሻላል፤ ሽንት ቤቱ የራሷ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ውሃው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ግፊቱ እላይ አያደርሰውም፣ በቢጫ ጀሪካን ታስቀዳለች። የመጣች ሰሞን ያስለቀሳት ግን ደረጃው አልነበረም። ስድስቱ አባወራ በስድስት ሳይት ተበተኑ። እድሯን ላለመልቀቅ በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዛ ልደታ እየተመለሰች ትከፍል ነበር። «እዚህ ብሞት ማን ያውቀኛል?» ትለኛለች። በቅርብ ዓመታትም ከተማው ሲታደስ ከፒያሳና ከሌሎች አሮጌ ሰፈሮች ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወረው ሕዝብ ብዙ ነው። የእናቴን ጥያቄ ዛሬ የሚጠይቅ ስንት አለ!

እዚህ ላይ ለሚመለከተው ሁሉ የምናገረው አንድ ነገር አለኝ። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲታቀዱ ይህ ጉዳይ አልተዘነጋም ነበር። በየሳይቱ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ተሠርቷል፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለቅሶና ሠርግ የሚስተናገድበት። ያን ያሰበ ሰው ጉርብትና ምን እንደሚሻ ገብቶታል። ባለፈው ዓመት ክረምት ሄጄ ያየሁት ግን ሌላ ነው። እናቴ ብሎክ አጠገብ ያለው የጋራ ቤት ተቆልፏል። በተሰበረው መስታወት አጮልቄ ሳይ ሲሚንቶ፣ የበር ፍሬም፣ የሆነ ሰው ሶፋ ተከምሮበታል፤ ለመጋዘን ተከራይቷል። ሴቶቹ ግን በዝናብ መሐል ላስቲክ ወጥረው መኪና ማቆሚያው ላይ በርበሬ ይቀነጥሳሉ። አንዷ ከሰሏን አቀጣጥላ እየተርከፈከፈባት ቢያስቸግራት ምድጃውን ይዛ ወደ ቤቷ ስትወጣ አየኋት። መስኮት የተዘጋበት አንድ ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ። ደረጃው ላይ ተከትያት ሮጥኩ። ያ የታኅሣሥ ሌሊት ነበር ፊቴ የመጣው።

ኪራዩ ለጥበቃና ለጽዳት እንደሚውል የኮሚቴው ሰው አስረዱኝ። ገንዘብ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ግን ሲያትል ውስጥ አንድ መደብ መሬትና አንድ ቱቦ ያደረገልንን አይቼ፣ ያ ቤት ለሲሚንቶ መከራየቱን ልቀበለው አልቻልኩም። ጥበቃውን የሚቀጥሩት ሰው ሰውን ስላላወቀው ጭምር አይደለም? ጎረቤት የሚሆነው ሰው አንድ የሚጋራው ነገር ሲኖረው፣ ያውም በየወቅቱ ተመላልሶ የሚገናኝበት ሲሆን ነው። የጋራ ቤቱ ሲቆለፍ ከልደታ የመጣችው እናቴና ከሌላ ሰፈር የመጡት ሴቶች የሚገናኙበት ምክንያትም አብሮ ተቆለፈ።

ሌላው ወረቀቱ ነው። ውሃ የሚጠፋው መቼ እንደሆነ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ የሚመጠጠው በየትኛው ቀን እንደሆነ ደረጃው ላይ ቢለጠፍ ወጪው አንድ ወረቀትና ማጣበቂያ ነው። የብሎኩ ወጣቶች ቴሌግራም ላይ ቡድን አላቸው፤ እናቴ ቴሌግራም የላትም። መረጃው የሚያስፈልጋት ግን ጀሪካኑን ተሸክማ መውጣት ለማትችለው ለእሷ ነው።

ከመመለሴ በፊት እናቴና አራት ሴቶች ወደ ኮሚቴው ሄዱ። የጠየቁት ትንሽ ነው፤ ለዘመን መለወጫ ብቻ ይከፈትልን አሉ። መልሱን ሳልሰማ አውሮፕላን ተሳፈርኩ።

ጳጉሜን 2 ቀን እናቴ ደወለች። ሲሚንቶው ወደ አንድ ጥግ ተገፍቶ ግማሹ ክፍል ተለቅቋል። «አንተ የምትለውን ወረቀት ልንለጥፍ ነው፤ እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለችኝ። አትክልቱ ቦታ ላይ ነበርኩ፤ ቱቦውን ለአዛውንቱ አቀብዬ ቀስ እያልኩ ነገርኳት፤ የጎረቤቷ ልጅ ይጽፋል። የጋራው ቤት ከጳጉሜን 3 እስከ መስከረም 2 ክፍት ነው። ቁልፉ ሁለተኛ ፎቅ በስተቀኝ ካለው ቤት ይገኛል። ከሰል የሚቀጣጠለው እዚያ ብቻ ነው፤ ወደ ቤት ይዞ መግባት አደገኛ ነው።

«ጨረስን?» አልኳት።

«ቆይ፣ አንድ አለ» አለችና ለልጁ በራሷ ቃል አስጻፈችው፤ «ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ዘንድሮ ባላቸውን ቀብረዋል። ዶሮ የሚያርድላቸው ወንድ ይፈለጋል።»