የቤት ቁጥርና የጎረቤት ዐይን

የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ሁለት ዓይነት ታሪክ አለው፤ አንዱ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ የሰፈረ፣ ሌላው ከመጋረጃ ጀርባ የተጠናቀረ።

የመዝገቡ ታሪክ ደረቅ ቢመስልም ተንኮል አያጣውም። በር ላይ የተለጠፈችውን ቁጥር ለእንግዳና ለፖስተኛ ታስባ የተደረገች ደግነት አድርገን እንቆጥራታለን። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ግን እ.ኤ.አ. በ1770 በግዛቷ ያሉ ቤቶች ቁጥር እንዲሰጣቸው ያዘዘችው እንግዳ መንገድ ይጠፋበታል ብላ ሳይሆን፣ ለጦር ሠራዊት የሚመለመለው ጎልማሳ በየትኛው ጣሪያ ሥር እንዳለ ለማወቅ ነበር። ነገሩ የገባቸው አንዳንድ ነዋሪዎችም ቁጥሩን ይፍቁት ጀመር፤ እንግዳውም ይቅርብን ብለው መሆን አለበት። ፓሪስ በ1805 ጎዶሎውን ቁጥር በአንድ ወገን፣ ሙሉውን በሌላው ወገን አሰለፈች፤ በዚህም ፊት ለፊት እየተያዩ የሚኖሩ ጎረቤቶች በቁጥር እንኳ እንዳይገጥሙ ሆኑ። በጃፓን በብዙ ሰፈሮች ደግሞ ቁጥሩ የሚሰጠው ቤቱ በተሠራበት ቅደም ተከተል ስለነበር፣ አንደኛው ቤት ከሰባተኛው ጎን ቢገኝ አያስደንቅም። ይህ አሠራር በየመንገዱ ለማይጠፉት፣ «እኛ ስንገባ እዚህ ጢሻ ነበር» ለሚሉት ነባሮች ሳይታሰብ የቀረበ ሹመት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ታሪክ ግን ቁጥር የሚባል ነገር አያውቅም። አሥራ አራት ቁጥር የት እንደሆነ ብትጠይቁ ሰው ሁሉ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ «ውሻቸው የሚናከሰው፣ ልጃቸው ሠርጓ በዋዜማው የፈረሰው» ያላችሁ እንደሆነ ግን ከሦስት መስኮት ጣት ይቀሰራል፣ የፈረሰበት ምክንያትም ሳትጠይቁ ይነገራችኋል። በዚህ መዝገብ የስም ዝውውር እጅግ አዳጋች ነው። ቤቱን የገዛው ሰው አጥሩን አፍርሶ ቢሠራ፣ ቀለሙን ቢለውጥ፣ ልጆቹን እዚያው አሳድጎ ቢድር፣ ቤቱ ዛሬም የሚጠራው ሸጦለት በሄደው ሰው ነው፤ አዲሱ ባለቤት በገዛ ግቢው ተከራይ መስሎ ይኖራል። ከጭነት መኪና የወረደው አልጋ ስንት ሰው እንደሚያስተኛ፣ ማን አምሽቶ ገብቶ ማን በር እንደከፈተለት በቃል ተይዞ ይቀመጣል። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሟላ መዝገብ ያለው ማዘጋጃ ቤት አላየሁም።

አንድ ቀን ታዲያ የግብር ሠራተኛው ወረቀቱን ይዞ ከመንገዱ ራስ ብቅ ይልና ያንኑ አሥራ አራት ቁጥር ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ መጋረጃው ሁሉ ይዘጋል፣ ደጅ ላይ የተገኙትም በትሕትና ለሰፈሩ አዲስ መሆናቸውን ይናገራሉ።