ለክቡር አቶ ዝገት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፦ ዝ/ገ/ት/01
ለ፦ ክቡር አቶ ዝገት
ባሉበት ላሜራ ውስጥ፣ ጅማ

ጉዳዩ፦ የመኪና ደፍ (ከበሩ ሥር ያለውን ውስጡ ክፍት ብረት) ያለ ኪራይ ውል ስለ መያዝዎ ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ክረምቱ ተመችቶዎት እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገንም፤ ከኋላ ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ቀለሙን ከሥሩ ገፍተው ጉብ ጉብ ብለው እያየንዎት ነው። የበሉት ብረት ዝገት ሲሆን ከቀድሞው በእጥፍና ከዚያም በላይ ያብጣል፤ ቀለም ደግሞ እንደ እርስዎ ሆድ አይለጠጥም። ጉብታዋ በጥፍር ጫር ስትደረግ ቡናማ ዱቄት ካፈሰሰች፣ በውስጥ በኩል ድግሱ አብቅቷል ማለት ነው።

«እዚህ ባሕር የለ፣ ጨው የለ፣ ምን አመጣው?» የሚሉ የዋሆች አሉ። ጨው ያፈጥንዎታል እንጂ አይወልድዎትም። ብረት፣ ውሃና አየር ከተገናኙ ለእርስዎ ይበቃል፤ ጅማ ደግሞ በውሃ አልሰሰተችብዎትም። ከሰቃ ጨቆርሳ ቡና ጭኖ የገባ አይሱዙ አካሉ በፀሐይ ሲደርቅ፣ ሻንሲው ላይ የተጠቀጠቀው ቀይ ጭቃ ለቀናት እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጣብቆ ይቆያል። ላቫጆ ሲገባ ኮፋኖው መስተዋት እስኪመስል ይታሻል። ከሥር ግን ማን ጎንበስ ይላል?

ባለሟሎችዎንም ሳናመሰግን አናልፍም። አንደኛው ናፍታና የተቃጠለ ዘይት ቀላቅሎ የሚረጨው ነው። ናፍታው ቶሎ ታጥቦ ይሄዳል፤ የተቃጠለው ዘይት ከሞተር ያጠራቀመውን አሲድና ቆሻሻ ይዞ ይመጣል፣ ጎሚኒውን፣ ማለትም የላስቲክ ክፍሎቹን፣ ያሳብጣል፣ የተረፈው ከጎርፉ ጋር ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል። ሌላው ለቀዳዳው ጋዜጣ ጠቅጥቆ ስቱኮ የሚለጥፈው ነው። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ጋዜጣውማ ለእርስዎ ፍራሽ ነው።

የባለሟሎች ባለሟል ግን ካትራሜ፣ ጥቁሩ ሬንጅ፣ ነው። ጭቃው ሳይጠረግ፣ ላሜራው ሳይደርቅ ጥቁር ይለቀለቅና ባለቤቱ «በቃ ታሸገ» ብሎ ይሄዳል። በእርግጥም ታሸገ፤ እርስዎ ከነስንቅዎ። ካትራሜ ሲደርቅ ጠጣር ነው። ጠጠር ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ የለውም። ቤት ለእምቦሳ! ሊሸጥ ሲል ሥሩ የጠቆረ ያገለገለ መኪና ያየ ገዢ በካቻቢቴ እጀታ ያንኳኳው፦ ጤነኛ ላሜራ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የእርስዎ መኖሪያ «ቦፍ» ይላል።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያው። ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ልንመጣብዎት ነው። የጎማው ጓዳ ፕላስቲክ ይፈታል፣ ከሥር በግፊት ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ ሁለት ሙሉ ቀን ይደርቃል፤ የበሩ ደፍ ውስጥ በኮምፕሬሰር ይነፋል። ጠዋት ብረቱ ላይ ጤዛ ስላለ ቅቡ ረፋድ ሳያልፍ አይጀመርም። ተነስቶ የሚረግፈው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይራገፋል፤ የዝገት ማክሸፊያው አሲድ የሚሠራው ብረቱን አጥብቆ በያዘው ስስ ዝገት ላይ ብቻ ነው፣ በቅርፊት ላይ ማፍሰሱ ገንዘብ ማጠብ ነው። የተቀደደው ይበየዳል። ብየዳው መጨረሻ ላይ ከሚረጨው ሰም በፊት ነው፤ በተቃራኒው የሠራ ጋራዥ እሳት አደጋ ይጠራል። የተራቆተው ብረት ሁለቱ ጣሳ ተቀላቅሎ የሚሠራውን ኤፖክሲ ፕራይመር ይለብሳል።

ከዚያ ነው ምርጫው። ለጎማው ጓዳና ለሻንሲው ሰም ወይም ከበግ ፀጉር ቅባት የተሠራው ላኖሊን ይሻላል፤ ኩሬ ቶሎ አያጥበውም፣ ለስላሳ ስለሆነም ጠጠር አይሰነጥቀውም። በራሱ እየሰረገ የሚሄደው ቀጭን ዘይት እርስዎ ወደሚያድሩበት ስፌት ውስጥ ይገባል፣ ግን በየዓመቱ መደገም አለበት። ለአንድ ትንሽ አውቶሞቢል ሥር ከ2 እስከ 4 ሊትር ይሄዳል። ዋናው ውጊያ ግን ውስጥ ነው፦ ዙሪያውን የሚረጭ አፍንጫ ያለው ረጅም ቱቦ በደፉ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ይገባና እየተረጨ ቀስ ተብሎ ይሳባል፣ ከታች ባሉት የውሃ መውጫዎች እስኪንጠባጠብ። ከተንጠባጠበ በኋላ መውጫዎቹ በሽቦ ይከፈታሉ። ይህቺን የረሳ ሰው ደፉን ወደ ገንዳ ለውጦልዎታል፤ አንድ ብርጭቆ ይጠጡለት።

ዲስኩና የፍሬን ሸራው በጋዜጣና በላስቲክ ይሸፈናሉ፤ እነሱን የቀባ ሰው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲረግጥ የሚያገኘው ሰም ነው። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ ከፈሰሰ ያጨሳል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ጎሚኒም አይነካም።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ደፉን ባዶ አድርገው እንዲያስረክቡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የላሜራ ባለቤቶች

ግልባጭ፦
ለካትራሜ ባልዲ፣ ባለበት
ለላቫጆ፣ ጎንበስ ብሎ እንዲያነበው

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤው ማኅተም ያላረፈበት ማኅተሙ ስለ ዛገ ነው።