በዓይኔ በብረቱ!

መቼም በየጨዋታው መሃል አንድ የማይረሳ ሰው አይጠፋም። ሌሎቻችን «መሰለኝ»፣ «እንጃ» እያልን ስንንተባተብ እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ ያቺን የተባረከች ቃል ያወጣታል። «እንደ ዛሬ ትዝ ይለኛል!» አለቀ፤ ክርክሩ ተዘጋ። ቀኑን ይነግራችኋል። ሰዓቱን ይነግራችኋል። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ምን ዓይነት ሹራብ እንደለበሰ፣ ዝናቡ በየት በኩል እንደመጣ ይነግራችኋል። አንድ ተጠራጣሪ አፉን ሊከፍት ከቃጣው ደግሞ ማኅተሙ ይመጣል። «በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!»

እንዲህ ያለ ሰው ሳይመሰገን መቅረቱ ሁሌም ይቆጨኛል። ዛሬ ተራው የእሱ ነው።

ከድፍረቱ ልጀምር። የሰው ትዝታ እንደ ካሜራ አይቀዳም። ካየነው ውስጥ ቁርጥራጩን ነው የምንይዘው፣ ያውም ልብ ያልነውን ብቻ። ባስታወስን ቁጥር አእምሯችን ቁርጥራጮቹን እንደ አዲስ ይገጣጥማል። ቀዳዳ ሲያገኝ «እንዲህ ያለ ነገር መቼም እንዲህ ነው የሚሆነው» ብሎ ይሞላዋል። የሞላው ላይ ግን ምልክት አያደርግበትም። ያየነውም የተሞላውም እኩል እውነት እውነት ይሸታሉ። በዚያ ላይ አንድን ትዝታ ባወጣነው ቁጥር ነካክተን ነው የምንመልሰው። ተራ ሰው ይህን ሲሰማ ድምፁን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። የእኛ ጀግና ከፍ ያደርጋል።

ደግሞ ምስክር አለኝ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሳች በ73ኛው ሰከንድ ከነሰባት ተሳፋሪዎቿ ተበታተነች። ኡልሪክ ናይሰር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጊዜ አላጠፋም። በማግስቱ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጠይቅ አስበተነ። ወሬውን የት ሆናችሁ ሰማችሁ? ከማን? ምን እያደረጋችሁ ነበር? ተማሪዎቹ ጻፉ። እሱም ወረቀቱን አስቀመጠ። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ቆይቶ 44ቱን ተማሪዎች ያንኑ ጥያቄ ደገመላቸው።

መልሳቸው ግሩም ነበር። ዝርዝሩ አይጣል፣ እርግጠኝነቱ አይጣል! ችግሩ ያ ወረቀት ነው። ከ44ቱ ሩብ ያህሉ በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ላይ አንዱንም አላገኙም። ሁሉም ነጥብ የገጠመላቸው 3 ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ ከሰው አፍ ሰማን ብለው የጻፉ ልጆች በኋላ ላይ «በቴሌቪዥን አየን» አሉ። ቴሌቪዥኑ ያንኑ ምስል ሲደጋግም ከርሞ የለ? ገብቶ የእነሱ ትዝታ ሆነ። ከዚያ የገዛ እጅ ጽሑፋቸውን አሳዩዋቸው። የድሮው ትዝታ ተመልሶ መጣልኝ ያለ አንድም አልተገኘ።

እዚህ ላይ ቆሜ ባጨበጭብ ደስ ይለኛል። ሰው ከጠላቱ ጋር ይከራከራል፣ ከጓደኛው ጋር ይከራከራል። ከገዛ እጅ ጽሑፉ ጋር ለመከራከር ግን የተለየ ወኔ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ሙያው እንግዳ ተቀባይነቱ ነው። የጀግናችን ትዝታ በሩ ክፍት ነው፤ የመጣ ሁሉ ገብቶ ይቀመጣል። ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት ለተማሪዎች የመኪና ግጭት የሚያሳይ ፊልም አሳዩ። 50ዎቹን «መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሌሎች 50ዎቹን ሲጠይቁ ቃሏን ጠንከር አደረጓት። «ሲጋጩ» ቀረና «ሲላተሙ» ሆነ። በሳምንቱ ጠርተው «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» አሏቸው። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት የሚባል ነገር የለም። ከመጀመሪያዎቹ 7ቱ «አዎ» አሉ። ከሁለተኞቹ 16ቱ። አንዲት ግሥ ገብታ መስታወት ሰብራ ወጣች!

ታማኝነቱንም ሳልጠቅስ ባልፍ ነውር ነው። ትዝታ ጌታውን አያዋርድም። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት 99 የኮሌጅ ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ውጤታቸውን ተጠይቀው መልሳቸው ከመዝገብ ጋር ተመሳክሯል። «ኤ» ያገኙባቸውን 89 በመቶ በትክክል አስታወሱ። «ዲ» ያገኙባቸውን 29 በመቶ ብቻ። የተሳሳተውም በአብዛኛው ወደ ላይ ነው የተሳሳተው። መርሳት ዕውር ቢሆን ኖሮ አንዳንዴ ወደ ታችም በእኩል ይስት ነበር። ባልና ሚስትን ለየብቻ «ከቤቱ ሥራ ምን ያህሉ ያንተ ነው? ምን ያህሉ ያንቺ ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ደምሩት። ከመቶ ያልፋል። (እኔ ሞክሬዋለሁ። አልመክርም።)

አንድ ቦታ ላይ ግን ጭብጨባዬ ይቀዘቅዛል። አሜሪካ ውስጥ በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ንጹሕነታቸው የተረጋገጠላቸው ፍርደኞች ከ300 በላይ ናቸው። በአብዛኞቹ መዝገብ ላይ ጣቱን ቀስሮ «እሱ ነው» ያለ የዓይን እማኝ አለ። ውሸታም አይደለም፤ ከልቡ ነው። መጀመሪያ ላይ ምናልባት «ይመስለኛል» ብሎ ይሆናል። ከዚያ አንድ ሰው «ጎበዝ፣ ልክ ነህ» ይለዋል። በቃ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ገና ሲያየው እንኳ እርግጠኛ እንደነበረ ያስታውሳል። ችሎት ሲደርስ ደግሞ ዳኛውም እንደኛው ሰው ነውና፣ የማይንተባተበውን ያምናል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በመንትዮች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሁለቱም «በእኔ ላይ የደረሰ ነው» ብለው የሚጣሉባቸው ትዝታዎች ተገኝተዋል። አንዱ ይወድቃል፣ ሁለቱ ያስታውሳሉ። እኔ መንታ የለኝም። ታላቅ ወንድም ግን አለኝ።

ልጅ እያለሁ ከግቢያችን ዛፍ ላይ ወድቄ ክንዴ ወልቆ ነበር። ለሃያ ዓመት አውርቼዋለሁ። ቅርንጫፉ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ባለፈው ሰው በተሰበሰበበት ይህንኑ ሳወራ ወንድሜ አቋረጠኝ።

«እሱማ የወደቅኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንተ ከታች ቆመህ ነበር የምታለቅሰው።»

እንደ ዛሬ ትዝ ይለዋል! እኔም እንደ ዛሬ ትዝ ይለኛል! እሱ የቅርንጫፉን ድምፅ ሲነግረኝ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ አሳምሮ ነገረው። ጸጉር ልንነጫጭ ምንም አልቀረን። በመጨረሻ ይግባኝ ወደ እማዬ ወሰድን።

እማዬ ሁለታችንንም አዳምጣ ሳቀች። «አንዳችሁም አልወደቃችሁም። የወደቀው የጎረቤት ልጅ ነው። አዝዬ ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ አይደለሁ እንዴ? በዓይኔ በብረቱ!»

አባዬ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያነብ ነበር። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን።

«የምን ዛፍ?» አለ።