አሮጌ እንጨት ነው ላላችሁ

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ዛሬ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። ከመንግሥት ጋር ያለኝን ኋላ እመጣበታለሁ።

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ አንድ የድሮ ቤት ፈረሰ። ባለ ሰገነት፣ ቋሚው ጥድ፣ ግድግዳው የጭቃ ምርጊት፣ ወለሉ ጣውላ። ዘመመ እንጂ አልወደቀም ነበር። መፍረሱን ተውኩት እንበል። ይቅር የማልለው አፈራረሱን ነው።

አንድ ሽማግሌ አናጢ መጡ። «በሮቹንና ጣውላውን ላውጣ፤ ግማሽ ቀን ብቻ ስጡኝ» አሉ። ገንዘብ አልጠየቁም። አስፈራሹ ሰዓቱን አየ። «አባባ፣ ቦታው እስከ ማታ መጽዳት አለበት። ትእዛዝ ነው።» ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞሩ። ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። «ኧረ ይስጧቸው» ያለ የለም። ይልቅ አንዱ ጎረምሳ «ፋዘር፣ ይሄ አሮጌ እንጨት ምን ሊረባዎት ነው?» አለ። ሳቃችሁ! ኤክስካቫተሩ ሰገነቱን ከላይ ደቆሰው። በሩም፣ ጭቃውም፣ ቆርቆሮውም አንድ ላይ ተፈጭቶ ሲኖትራክ ላይ ተጫነ። ሽማግሌው መዶሻቸውን በፌስታል እንደያዙ ሄዱ።

ምን እንደሚረባ ጠፍቷችሁ ነው? መርካቶ ያለውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራን ያቆማችሁ እናንተ አይደላችሁም? በርሜል ምድጃ፣ ጎማ በረባሶ የሚሆንበት አገር ነው!

አንዳንዴ ግን አዝንላችኋለሁ። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ብዙው ቀበሌ ገባ። ኪራዩ ለማደሻ አይበቃም። ተከራዩ ደግሞ ያለ ፈቃድ ጣራ አይቀይርም። ስለዚህ የጭቃ ቤት ማለት የሚያፈስ ቤት ሆነ። ጭቃን ያሳፈረብን ፖሊሲ ነው፤ ጭቃውማ ምን አጠፋ? ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን አይወብቅም፣ ማታ አይበርድም። አሁን ሕንፃውን መስታወት እናለብሰውና ኤሲ እንገጥማለን። አዲስ አበባ ላይ ኤሲ! በዓለም ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 7 በመቶ ገደማው ከሲሚንቶ እንደሚመጣ ማን ነግሮን?

ፖሊሲ ያበላሸውን ፖሊሲ ያቃናዋል። የማፍረሻ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የሚተርፈው ዕቃ ይመዝገብ፤ ለማውጫ ቀን ይሰጥ። የድሮውን ድንጋይና እንጨት መልሶ ለሚጠቀም ገንቢ የፈቃድ ክፍያ ይቀነስለት። በቀበሌ ቤት ለቀሩት ማደስ ይፈቀድ፤ ያወጡት ከኪራዩ ይታሰብላቸው። ይሄ ስንት ያስወጣል?

ይህን ግን ማን ጠየቀ? ወረዳ ሲሰበስበን ጥያቄያችን ካሳው ስንት ነው፣ ምትክ ቤቱ የት ነው፣ ስንተኛ ፎቅ ነው። ልክ ናችሁ፤ ልጅ አላችሁ፣ ከተማው ዳር ካለው አራብሳ ፒያሳ ሩቅ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጸጥ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እያየነው ነቀዘ።

ፒያሳ በ2016 ፈረሰ፣ ካዛንቺስ በ2017። እኔም ደክሞኛል፤ ብዙ አልጠብቅም። ገና ያልተነካ ሰፈር ግን አለ። እዚያ ስብሰባ ሲጠራ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እጁን አውጥቶ «ሲፈርስ የሚወጣው ዕቃ የት ይሄዳል?» ይበል። መልስ ላያገኝ ይችላል። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ያስጽፍ።