የፍቅሩ ሰውዬ ስለ ዱላም ጠይቆ ነበር

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም የኤሪክ ፍሮምን (ጀርመን የተወለደው የሥነ ልቦናና የማኅበረሰብ ተመራማሪ) ጥቅስ ላከልኝ፣ ዙሪያውን ጽጌረዳ የተደረደረበት ካርድ ነው፣ ያው ያልበሰለ ፍቅር ስለምታስፈልገኝ እወድሃለሁ ይላል፣ የበሰለው ደግሞ ስለምወድህ ታስፈልገኛለህ ይላል የሚለው፣ አንድ ቀን ሳታዩት አትቀሩም። ጥቅሱ የራሱ ነው፣ አልዋሹበትም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄን የሚያክል ሰው በኛ ሰፈር (ሰፈር ስል ኢንተርኔቱን ነው) የሠርግ ካርድ ማሳመሪያ ሆኖ መቅረቱ ነው። ስለ ፍቅር የጻፈው መጽሐፍ በ1956 ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው፣ እዚ ላይ ተስማምተን እንለፍ)፣ በሚሊዮን ተቸበቸበ፣ በቃ ሌላው ሥራው በሱ ጥላ ሥር ገባ። ለኔ ግን የሰውዬው ትልቁ ሥራ ወጣት እያለ የበተነው አንድ መጠይቅ ነው፣ መጽሐፍ ሆኖ የታተመውም ገና በሞተበት ዓመት በ1980 ነው።

ወደሱ ከመሄዴ በፊት ግን የልጅነቱን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መጠይቁ ከዛ ነው የሚመጣው ብዬ ነው ማስበው። ፍራንክፈርት 1900 ላይ ተወለደ፣ አጥባቂ አይሁድ ቤት ውስጥ፣ ለናት ላባቱ አንድ ልጅ። አባትየው ወይን ነጋዴ ነው፣ ግን ከራባዮች ዘር ስለሆነ በንግዱ የሚያፍር፣ በትንሽ በትልቁ የሚጨነቅ ሰው፤ እናትየው ደግሞ ሆደ ባሻ። 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው የቤተሰቡ ወዳጅ የሆነች አንዲት ሠዓሊ ነበረች፣ 25 ዓመቷ፣ ቆንጆ፣ ሚስቱ ከሞተችበት አባቷ ሥር የማትጠፋ። አባትየው ሲሞት እሷም ራሷን አጠፋች፣ ከሱ ጋር ቅበሩኝ ብላ። ልጁ ፍሮም ይሄ እንዴት ይሆናል? ብሎ ቀረ። በኋላ ላይ ፍሮይድን (ሰውን የሚነዳው ራሱም የማያውቀው የውስጡ ነገር ነው ያለውን ሐኪም) ሲያነብ ያቺን ሴትዮ እያሰበ እንደነበር ራሱ ጽፏል።

ሁለት ዓመት ሳይቆይ ደግሞ ጦርነቱ መጣ፣ የ1914ቱ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች በሙሉ አንድ ቀን አድረው የእንግሊዝ ጠላት ሆኑ፣ ከእረፍት በፊት የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር በቃላችሁ አጥኑ ተብለው ነበርና አናጠናም ብለው አደሙ። አስተማሪው አልተቆጣም፣ ፈገግ ብሎ አትሞኙ፣ እንግሊዝ እስከዛሬ ጦርነት ተሸንፋ አታውቅም ነው ያላቸው። ያ ሁሉ ጩኸት መሀል አንድ ሰው ቀስ ብሎ በሰከነ አእምሮ ሲናገር መስማት፣ በዛ ዕድሜ፣ አስቡት። ፍሮም እስኪያረጅ አልረሳውም።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄ ይዞ ነው ያደገው፣ አንድ ሰው ለምን እንዲህ ይሆናል? እና አገር ሙሉ ሰው ባንዴ ለምን ያብዳል? የመጀመሪያው ወደ ሳይኮአናሊሲስ (ታካሚውን እያስወሩ ውስጡን መፈተሽ፣ የፍሮይድ ሕክምና) ይወስዳል፣ ሁለተኛው ወደ ሶሲዮሎጂ፣ ወደ ማኅበረሰብ ጥናት። ሃይድልበርግ ገብቶ በ1922 በሶሲዮሎጂ ዶክትሬቱን ያዘ፣ አማካሪው አልፍሬድ ቬበር ነበር፣ የታዋቂው የማክስ ቬበር ወንድም፤ ርዕሱም የሃይማኖት ሕግ መንግሥት የሌለውን ተበታትኖ የሚኖር ሕዝብ እንዴት አንድ አድርጎ ይይዛል የሚል ነው። ከዛ ፍሪዳ ራይክማን የምትባል ሐኪም ታካሚ ሆነ፣ ከ10 ዓመት በላይ ትበልጠዋለች፣ በ1926 ተጋቡ (አዎ፣ ሐኪምና ታካሚ፣ ዛሬ ቢሆን ፈቃዷን ይቀሟት ነበር)። ሁለቱም ሃይማኖት ጠባቂ ነበሩ፣ አንድ የአይሁድ ፋሲካ ሰሞን ግን ቂጣ ብቻ በሚበላበት ቀን እርሾ የገባበት ዳቦ ይዘው ሃይድልበርግ ፓርክ ገብተው በሉ፣ ሰማይ አልተደፋም፣ በዛው ቀሩ። ጾም መሀል ላይ ተደብቆ ሥጋ የቀመሰ ሰው ይሄን ታሪክ ከኔ በላይ ይገባዋል።

መጠይቁ ጋ ደረስን። ፍራንክፈርት ባለው የማኅበራዊ ምርምር ኢንስቲትዩት ውስጥ በ1929 ፍሮምና ሂልደ ቫይስ የምትባል ተመራማሪ 3,300 መጠይቅ ለጀርመን ሠራተኞችና ደሞዝተኞች በተኑ፣ የያንዳንዱ ጥያቄ ብዛት 271። ሁለት መቶ ሰባ አንድ! ከሥራ ደክሞህ ገብተህ እራት በልተህ ይሄን ለመሙላት ስትቀመጥ ይታይህ። ከመላሾቹ አብዛኞቹ ግራ ዘመም ናቸው፣ የሶሻል ዴሞክራትና የኮሙኒስት ፓርቲ ደጋፊዎች። አገሪቱ ውስጥ እውነተኛ ሥልጣን ያለው ማን ነው? ሲባሉ ካፒታሊስቱ ብለው ቁጭ ነው፣ ይቺ በቃል የምትጠና ናት፣ ከፓርቲ ጋዜጣ ትገለበጣለች።

ፍሮም ግን ፍሮይድን ያነበበ ሶሲዮሎጂስት ነው፣ ሰው ከተዘጋጀበት ጥያቄ ይልቅ ያልተዘጋጀበትን ነው የፈለገው። ቤትህን በምን አስጊጠሃል? ግድግዳህ ላይ ምን ሥዕል አለ? ሴት ልጅ ጸጉሯን አጭር ስትቆረጥ፣ አጭር ቀሚስ ስትለብስ፣ ዱቄትና ሊፕስቲክ ስትቀባ ደስ ይልሃል? ያገባች ሴት ሥራ ብትሠራስ? ከታሪክ ሰዎች የምታደንቀው ማንን ነው? እና እኔ ከሁሉ የምወዳት፣ ልጅ ጨርሶ ሳይገረፍ ማሳደግ ይቻላል? ታዲያ መልሱን አዎና አይደለም ብሎ ቆጥሮ አልተወውም፣ አነጋገሩን ነው የመዘነው። ግርፋት ፍርሃት ብቻ ነው የሚያስተምረው ያለና ልጅ ጌታውን ማወቅ አለበት ያለ አንድ ፓርቲ ቢመርጡም አንድ ሰው አይደሉም። ሳይኮአናሊስት ሶፋ ላይ ከተጋደመ ታካሚ የሚሰማውን ዓይነት ነገር በወረቀት ከብዙ መቶ ሰው ለመስማት መሞከር ነው፣ ከሱ በፊት እንዲህ የደፈረ ያለ አይመስለኝም።

የወጣው ነገር አያስደስትም። ከግራዎቹ መሀል አፉም ሆዱም አንድ የሆነው፣ ማለት ፖለቲካው ላይ ነጻነት ብሎ ቤቱም ውስጥ ነጻነት የሚያውቀው፣ ወደ 15 በመቶ ብቻ ነው። ቀላል የማይባል ቁጥር ያለው ደግሞ አፉ አብዮተኛ፣ ጠባዩ ግን ከላዩ ላለው የሚሰግድ ከበታቹ ያለውን የሚረግጥ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ድብልቅልቅ ነው። ፌስቡክ ላይ አንዳንዶች ፍሮም ሂትለር እንደሚመጣ በመጠይቅ ተንብዮ ነበር ሲሉ አያለሁ፣ ይሄ ማጋነን ነው፣ ከተበተነው ሞልተው መልሰው የላኩት 1,100 ገደማ ናቸው፣ መጠይቁን ለመሙላት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ደግሞ ራሱን የቻለ ዓይነት ሰው ነው፣ በዛ ብቻ የአገር ዕጣ አይተነበይም። የሚያሳየው ነገር ከዛ ያነሰ ግን ለኔ የበለጠ የሚቆጠቁጥ ነው፣ ብዙ አባል ያለው ትልቅ ፓርቲ መከራ ቀን ሲመጣ ከአባላቱ ስንቱ ይቆማል ብለህ ብትጠይቅ መልሱ የአባልነት መዝገቡ ላይ የለም።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ኢንስቲትዩቱ ተሰደደ፣ ፍሮምም በ1934 ኒውዮርክ ገባ፣ በስደቱ ግርግር መጠይቁ ግማሽ ያህሉ ጠፍቶ 584 ብቻ ቀረ። ከዛ ደግሞ ከኢንስቲትዩቱ አለቃ ከሆርክሃይመር ጋር ተጣሉ፣ በ1939 ተለያዩ፣ ጥናቱም መሳቢያ ውስጥ አረጀ። ምሁር ሲጣላ ወረቀት ነው የሚሞተው። በ1941 ያወጣው ከነጻነት ስለመሸሽ የሚለው መጽሐፉ ያው የዚ መጠይቅ ልጅ ነው፣ ሰው ነጻ ሲወጣ ብቻውን መቆሙ ያስፈራውና ወይ የሚሰግድለት ጌታ ይፈልጋል፣ ወይ የሚረግጠው፣ ወይ እንደ ጎረቤቱ ሆኖ ይጠፋል ነው ነገሩ። ማርኩዘ የሚባለው የድሮ ባልደረባው በኋላ ፍሮይድን አለዝበህ ስብከት አደረግከው ብሎ በመጽሔት ወርዶበታል፣ እና ስለ ኋለኞቹ መጽሐፎቹ ከሆነ፣ እኔ እንኳ ማርኩዘ ጨርሶ ተሳስቷል አልልም፣ አንዳንድ ገጽ የእሁድ ስብከት ስብከት ይላል።

ግን ሰውዬው መስበክ ብቻ አይደለም። በ1950 ሁለተኛ ሚስቱ ስለታመመች ለጤናዋ ብሎ ሜክሲኮ ገባ (ሄኒ ትባላለች፣ ከናዚ ሸሽተው ጸሐፊው ዋልተር ቤንያሚን ስፔን ድንበር ላይ ሕይወቱን ሲያጠፋ አብራው የነበረች ሴት ናት)፣ እሷ በ1952 ሞተች፣ እሱ ግን እዛው ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ፣ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ የአገሩን ሳይኮአናሊስቶች አሠለጠነ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ሲል እንደገና መጠይቁን አነሳ፣ አሁን 800 ገደማ ሰው ያለባት የገበሬ መንደር ላይ። ከሜክሲኮ አብዮት በኋላ መሬት ተከፋፍሏል፣ ታዲያ መሬት ከደረሳቸው መሀል ለምን አንዱ ያለማል ሌላው መሬቱን አከራይቶ ይጠጣል? ማይክል ማኮቢ ከሚባል ባልደረባው ጋር በ1970 ባሳተሙት ላይ ያሉት፣ ጭሰኝነት በአዋጅ ቀርቶም ጠባዩ ሰው ውስጥ ይቀራል፣ ከጌታ እጅ መጠበቅ የለመደ ሰው ጌታው ሄዶም ይጠብቃል። እዚህ ላይ እንኳ ድሃውን በጠባዩ መውቀስ ይመስላል ብዬ ቅር ይለኛል፣ ግን ጠባዩን ማን ሠራው ብለው ወደ ድሮው እርሻ ጌታ ስለሚመልሱት ትንሽ እቀበላለሁ።

ጓደኛዬ ካርዱን የላከልኝ ቀን ማታ ያቺን የዱላ ጥያቄ ቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ወረወርኳት፣ ልጅ ጨርሶ ሳይገረፍ ያድጋል ወይ ብዬ። አክስቴ የሳቅ ስቲከር ላከች። የአክስቴ ልጅ፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ አያድግም ብላ ጽፋ ቆይታ አጠፋችው። በተማሪነቱ ዘመን ሰልፍ ወጥቶ ታስሮ የነበረው አጎቴ ግን አንድ ደቂቃ ከምናምን ቮይስ ላከ፣ ድምፁ ወፈር ብሎ፣ እኛ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው፣ አንተም ብትገረፍ ኖሮ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ባልጠየቅክ ነበር ይላል፣ መጨረሻ ላይ ሳቅ አለበት። ጋሼ፣ አባዬ እኮ ገርፎኛል ብዬ ጻፍኩለት። ሁለቷ ምልክት ሰማያዊ ሆናለች፣ እስካሁን አልመለሰም።